ስለ ገበጣና ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ የእንጦጦን ተራራ ወጥቶ ሲወርድ የሱሉልታን ሜዳ ያገኛል። ወደ አምቦ የሚሄደው በቡራዩ ያልፋል፤ ወደ ጅማ የሚወርደውም ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ሰበታን ይዞ ይሄዳል። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋራ ሸገር በተባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ብዙው ሜዳቸውም ዛሬ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ተሠርቶበታል። ዱሮ ግን አገሩ የከብት መሰማሪያና የእህል እርሻ ነበረ። ባገራችን ደጋ ሁሉ እንደ ተለመደው፥ ከብት በተሰማራበት ቦታ እረኛ አይታጣም፤ እረኛም ባለበት ቦታ ገበጣ አይታጣም። እረኛው ዱላውን አስቀምጦ መሬቱን በጣቱ ይጭርና በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያበጃል፤ ጠጠርም ይለቅማል፤ ባልንጀራውም ከወዲያ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ማታ ከብቱ ወደ በረት ሲመለስ ጨዋታው ይፈርሳል፤ ሌሊት ዝናም የዘነመ እንደ ሆነ ጉድጓዱ ይደፈናል፥ ጠጠሩም ከጠጠር ይቀላቀላል። በማግሥቱ ማን እንዳሸነፈና ማን እንደ ተሸነፈ የሚመሰክር ነገር በዚያ ቦታ አይገኝም።

የመኳንንቱ ጨዋታ ሰንጠረዥ ግን እንዲህ አይደለም። ከዝሆን ጥርስና ከቀንድ ተጠርቦ በቀይ ጨርቅ ላይ ስለሚደረደር፥ በነገሥታትና በመሳፍንት አዳራሽም ስለሚጫወቱት፥ ከውጭ አገር የመጣ መንገደኛ ሁሉ አይቶ ጽፎታል። ስለዚህ የሁለቱን ጨዋታ ታሪክ አስተያይቶ ለመናገር የፈለገ ሰው አንዱን ከመጽሐፍ፥ ሁለተኛውን ከመሬት ማንበብ ይገባዋል። ይህም ድካም ያለ ጥቅም አይደለም፤ ቤተ ዘመድንና ባልንጀራን ካንድ ገበታ ዙሪያ አስቀምጦ ውሎ የሚያስረሳው ነገር ምን እንደ ሆነ ከሁለቱ ታሪክ ይገለጣልና።

የሰንጠረዥ መነሻው ሕንድ ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ተሻገረ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ወገን ወደ አውሮፓ፥ በሌላው ወገን ወደኛ ደረሰ። ስሙ ራሱ ይህን መንገድ ይመሰክራል፤ ፋርሶችና ዐረቦች ሸጥረንጅ ያሉትን እኛ ሰንጠረዥ አልነው። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው አማካሪ ፈርዝ ተብሎ ቀርቷል፤ ይህም የፋርስ ቃል ነው። ዝሆኑም እንደ ፋርሶችና እንደ ዐረቦች ፊል ይባላል። ሌሎቹ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ናቸው። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጨዋታውን ሕግ ለውጠው አማካሪውን ንግሥት አደረጉት፤ በገበታው ላይም ከሁሉ የበረታ ኀይል ሰጡት። ባገራችን ግን ፈርዝ እንደ ጥንቱ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊልም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። የዱሮው ጨዋታ ከሌላው አገር ጠፍቶ ሳለ በኛ ዘንድ ብዙ ዘመን ተጠብቆ ቆየ ማለት ነው።

ባገራችን ሰንጠረዥ ተጫወቱ ተብለው በስም ከሚታወቁት ሰዎች መካከል ቀደምት የሚሆኑት ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኔሲያ ሰው ወደ አገሩ ከመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ የአገራችንን መንገድ ይጽፍ ነበር። በዚህ ጽሑፉ ውስጥ ቢቺኒ የሚባል አንድ የቬኔሲያ ሠዓሊ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ሰንጠረዥና ካርታ ይጫወት እንደ ነበረ ይገኛል። በዚያው ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ባራራ ትባል ነበረ፤ የቬኔሲያው መነኵሴ ፍራ ማውሮም በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ስሟን ጽፏል። የዘመናችን ሊቃውንት የባራራን ፍርስራሽ የሚፈልጉት አዲስ አበባን በከበቡት ተራሮች፥ በየረርና በእንጦጦ አካባቢ ነው። የነርሱ ነገር የተረጋገጠ እንደ ሆነ፥ ያ የቬኔሲያ ሰውና ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፊት የተቀመጡበት ቦታ ከዛሬዎቹ ከሱሉልታና ከቡራዩ እጅግ የራቀ አይሆንም።

አንድ ንጉሥ ከባዕድ ሠዓሊ ጋራ ተቀምጦ ሲጫወት ማሰብ ደስ ያሰኛል። የቤተ መንግሥት ሥርዐት ሁሉ ሰውን ከንጉሥ የሚያርቅ ነው፤ መጋረጃ አለ፥ አጋፋሪ አለ፥ አፈ ንጉሥ አለ። በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ግን የሁለቱም ሠራዊት ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ስድስት ነው። ንጉሡ ሁለት ጊዜ ልሂድ ቢል ጨዋታው ይበላሻል።

ይህን የምንለው ግን ባላጋራው በእውነት የተጫወተ እንደ ሆነ ነው። ሄነሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ እንደ ፈረንጆች ዘመን በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ በአንጣሎ ከተማ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። የጻፈውም ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከዝሆን ጥርስ የተሠሩት መጫወቻዎች ትልልቆችና ወፍራሞች ነበሩ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ሲበላ በኀይል እየመታ ከቦታው ያስፈነጥረው ነበር። ጫጫታውም ብዙ ነው፤ በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ፥ እስከ ባሮች ድረስ፥ በጨዋታው ውስጥ ድምፅ ነበረው፤ ይህ ይሻላል ያለው ሰው እጁን ሰድዶ መጫወቻውን እያነሣ ያሳይ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ነፃነት እያለ፥ ሰዎቹ በብዙ ብልሃት ዘወትር ራሱ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር ብሎ ይጨርሳል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የባሮቹ መናገር ብዙ ሰው ያስደንቃል፤ ይበልጥ መመርመር የሚገባው ግን የመጨረሻው ነገር ነው። በፍርድ አደባባይ አንደበት የሌለው ሰው በሰንጠረዡ ገበታ ፊት አንደበት አገኘ፤ ሆኖም ያንደበቱ ፍሬ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ራስ ወልደ ሥላሴ በእውነት ትልቅ ተጫዋች ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ማንም ሊነግራቸው አልደፈረምና እርሳቸው ራሳቸው ሊያውቁት አይችሉም ነበረ። ከጨዋታ የሚገኘው ደስታ ዋናው ክፍል ጠፋባቸው ማለት ነው። ዘወትር የሚያሸንፍ ሰው ሁልጊዜ ብቻውን የሚጫወት ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው የባላጋራው ጥላ እንጂ ባላጋራው አይደለም።

እንዲህ ያለውን መሸንገል የጨዋታው ሕግ ራሱ የሚቃወመው ይመስላል። ሰንጠረዥ እንደ ሌሎቹ ጨዋታዎች በተራ አይጀምርም። አስቀድሞ ወረራ የሚባል ነገር አለ፤ ይኸውም ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን እንደ ወደዱ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ የሄደውን መመለስ፥ የመለሰውንም እንደገና መላክ ይቻላል። የመጀመሪያው መበላት ከሆነ በኋላ ግን በተራ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጥሩ ተጫዋች የራሱን እጅ ሳይሆን የባላጋራውን ዐይን ይመለከታል።

የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዎልተር ፕላውደን ይህን ሕግ በሰፊው ጽፎታል፤ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፥ እንደ ፈረንጆች ዘመን በ1868 ታተመ። ከነገረን ነገር ሁሉ የሚበልጠው ስለ ድል ማዕርግ የጻፈው ነው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ብዙ አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ የተያዘ እንደ ሆነ ይሻላል። በመደቅ፥ ማለት በተራው እግረኛ፥ መያዝ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ክብር ነው። ደግሞም የባላጋራን ሠራዊት ሁሉ ፈጅቶ ንጉሡን ብቻውን ማስቀረት እንደ ድል አይቆጠርም። ንጉሡ ከአንድ መጫወቻ ጋራ ብቻ የቀረ እንደ ሆነም ያ መጫወቻ ሰባት ጊዜ ከመሄዱ በፊት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ጨዋታው እኩል ይሆናል። እንግዲህ ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ተሸነፈም ይታሰብ ነበር። ከጎረቤቱ ጋራ ነገም ከነገ ወዲያም የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልገዋል፤ ዛሬ ፈጽሞ የተዋረደ ሰው ነገ ተመልሶ አይመጣምና።

ሰንጠረዥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም በትልልቅ ቤቶች ይኖር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከቅኔውና ከበገናው ጋራ ሰንጠረዥንም ያውቁ እንደ ነበረ ይነገራል። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ ግን የመኳንንቱ ቤት ሲፈርስ ጨዋታው አብሮ ደከመ። ከነጻነት በኋላ በየትምህርት ቤቱና በየክበቡ የገባው የአውሮፓው ቼስ ነው፤ ወረራ የለውም፥ ፊልም አይዘልበትም። የዱሮው ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥት ተሸሽጎ ስለ ኖረ ከቤተ መንግሥት ጋራ ሄደ።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። በመሬት ላይ የተቆፈረው ቢጠፋም በድንጋይ ላይ የተፈለፈለው አልጠፋም። በኤርትራ በመጠራ፥ በትግራይም በየሐ በዐለት ላይ በተራ የተቆፈሩ ጉድጓዶችና ከሸክላ የተሠራ የገበጣ ስባሪ ተገኝተዋል፤ አጥኚዎችም ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት፥ ማለት በአክሱም መንግሥት ዘመን ይመድቧቸዋል። ጨዋታው በሌላውም አፍሪካ ተዘርግቷል። በምዕራብ አፍሪካ ዋሪ ይሉታል፤ በስዋሒሊ አገር ባኦ ይባላል፤ በባርነት ተግዘው የሄዱ አፍሪካውያንም ውቅያኖሱን ተሻግረው ወደ ካሪብ ደሴቶች ይዘውት ሄደዋል። ዐረቦች መንቀላ የሚሉት ካንዱ ቦታ ወዳንዱ ማዛወርን ከሚያመለክት ቃል አውጥተው ነው፤ ነቀለ ከሚለው ካማርኛችን ቃል ጋራ ድምፁ እንዴት እንደሚገጥም አንባቢ ያስተውል። በኦሮምኛ ሰዴቃ የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው።

እንግሊዛዊው ቴዎዶር ቤንት እንደ ፈረንጆች ዘመን በ1893 ባሳተመው መጽሐፉ ገበጣን ሲገልጥ፥ ባየው ገበታ ላይ ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ እንደ ነበረ፥ ለያንዳንዱ ተጫዋችም ዘጠኝ ጉድጓድና ሃያ ሰባት ጠጠር እንደሚደርሰው ጽፏል። ይህ በሦስት ረድፍ የሚጫወቱት ነው፤ መካከለኛውን ረድፍ ሁለቱ ለሁለት ይካፈሉታል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1935 የሐበሻን ጨዋታዎች ሰብስቦ ለብቻው መጽሐፍ አደረገ። ከሁሉ ይልቅ ግን የደከመው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነው፤ በ1971 ባሳተመው ጥናት መቶ ያህል የገበጣ ዓይነት ከየአገሩ ሰብስቦ አቀረበ። ካንዱ አውራጃ ወደ ሌላው አውራጃ ሲሄዱ የጉድጓዱ ቍጥር፥ የጠጠሩ ቍጥር፥ የመዞሪያው አቅጣጫ፥ የመብላቱም ሕግ ይለዋወጣል። ከእነዚህ አንዱ ላም ወለደች ይባላል፤ ከብት ጠባቂ ያወጣው ስም መሆኑ አያጠራጥርም።

የጨዋታውን ጣዕም ላልተጫወተው ሰው ለማስረዳት አንድ ዙር ቈጥሮ ማሳየት ይሻላል። ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ አለ፤ በያንዳንዱ አራት አራት ጠጠር፥ በጠቅላላው 48 ጠጠር ይደረጋል። ጀማሪው ከዳር ያለውን ጉድጓዱን አራት ጠጠር አንሥቶ በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረገ ይጥላል። የመጨረሻው ጠጠር ሌላ ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ገባ እንደ ሆነ በዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ጉድጓድ ካገኘ ግን ያድራል፥ ተራውም ለባላጋራው ይሆናል። በዚህ ሕግ የጀመረው ሰው አምስት ጊዜ ያነሣል፤ መጀመሪያ አራት፥ ከዚያ አምስት፥ ደግሞ አምስት፥ ቀጥሎ ስድስት፥ በመጨረሻም ስድስት። ጠቅላላው 26 ጠጠር ይሆናል። ገበታውን ሁለት ጊዜ ሙሉ ዞሮ ሁለት ቤት ካለፈ በኋላ ራሱ ባዶ ባደረገው በሦስተኛው ጉድጓዱ ላይ ያድራል። የመጀመሪያው አነሣሥ እንዲህ የተጠቀለለ ከሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው እንዴት እንደሚሆን ይገመታል። ፊደል ያልቈጠረ እረኛ ይህን ሁሉ ጠጠሩን ሳይነካ በዐይኑ ብቻ ቈጥሮ፥ ከየትኛው ጉድጓድ ቢነሣ የት እንደሚያድር ያውቅ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የሒሳብ ትምህርት ቤት በሜዳ ላይ አልተከፈተም።

ሲያዞሩ ሦስት ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ላይ አራተኛው ሲጨመር በብዙ ቦታ ይበላል። ጠጠሩ ሲያልቅ ይቈጠራል። አንዱ 28፥ ሁለተኛው 20 ያገኙ እንደ ሆነ፥ ተሸናፊው አራት አራት እያደረገ አምስት ጉድጓድ ብቻ ይሞላል፤ ስድስተኛው ጉድጓዱ ለአሸናፊው ይሆንና ጨዋታው እንደገና ይጀመራል። እንግዲህ በገበጣ ሰው በአንድ ጊዜ አይሸነፍም፤ መሬቱን ጥቂት በጥቂት ያጣል፥ ጥቂት በጥቂትም ያስመልሳል። ርስት የሚወድ ሕዝብ እንዲህ ያለ ጨዋታ ቢወድ አያስገርምም።

በሰንጠረዥና በገበጣ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ግን ከዚህ በላይ ነው። በሰንጠረዥ ንጉሥ ንጉሥ ነው፥ እግረኛም እግረኛ ነው፤ የኔ ሠራዊት የኔ፥ ያንተም ያንተ ነው። በገበጣ ግን የጠጠር ማዕርግ የለም፤ ባለቤትም የለውም። አሁን ከኔ ጉድጓድ የተነሣው ጠጠር ካንተ ወገን ይወድቃል፤ ካንተ ዘንድ የተነሣውም ወደኔ ይመለሳል። ለባላጋራው ሳያካፍል የሚጫወት ሰው የለም፤ ጨዋታው ራሱ በግድ ያካፍለዋል። ደግሞም ሁለቱ ተጫዋቾች ያንድ ጎሣ ሰዎች ቢሆኑ ባይሆኑ፥ አንዱ ባለጠጋ ሁለተኛው ድኻ ቢሆን፥ ከጠጠሩ አይታወቅም።

በቤተ ሰብ መካከል ይህ ነገር ታላቅ ጥቅም አለው። ባገራችን ልማድ ልጅ በታላላቆች ፊት ብዙ አይናገርም፤ አባቱን ተሳስተዋል ብሎ ማረም ከቶ አይገባውም። በገበጣ ፊት ግን የስምንት ዓመት ልጅ አያቱን፦ «አባባ፥ እዚህ ያድራሉ፤ ተራው የኔ ነው» ለማለት ይችላል፤ ነውርም የለበትም። አያትየውም ቢቈጥሩት ልጁ እውነቱን ነው። ልጁ አክብሮቱን ሳይተው እውነት መናገርን፥ አያትየውም ክብራቸው ሳይጐድል መሸነፍን በዚህ ይማራሉ።

ታዲያ ብዙ አባትና እናት እንደ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰዎች ያደርጋሉ፤ ልጁ እንዳያለቅስ ብለው ሆነ ብለው ይሸነፉለታል። ይህ በጎ ፈቃድ ቢመስልም ልጁን ከጨዋታው ማስወጣት ነው። ልጅም ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ባወቀም ጊዜ የዱሮው ድሉ ሁሉ ይጠፋበታል። ልጁ ገና ያልበረታ እንደ ሆነ በግልጥ አንድ ጉድጓድ ይጨመርለት፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን ማንም አይራራለት። የተሰጠው ነገር በሁሉ ፊት የታወቀ ስለ ሆነ ያሸነፈው ድል የራሱ ይሆናል፤ ጉድጓዱንም አልፈልግም የሚልበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

ፓንክኸርስት የሰበሰበው መቶ ዓይነት ሕግም ሌላ ነገር ያሳስባል። ሰው ሁሉ ባንድ መንደር ተወልዶ ባንድ መንደር ሲሞት ሕጉን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ግን ዛሬ የብዙ አገር ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። የአገሩ ተወላጅ ኦሮሞ አለ፤ ከጎጃምና ከወሎ፥ ከጉራጌና ከትግራይ፥ ከወላይታም የመጣ አለ፤ ከአዲስ አበባም የቤት ኪራይ የከበደው ወጥቶ ሠፍሯል። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ገበጣ የተቀመጡ እንደ ሆነ አስቀድመው መነጋገር አለባቸው። በቀኝ እንዙር ወይስ በግራ? በማዞር ላይ ሳለን በመካከል አራት የሞላው ጉድጓድ የሚበላው ለጉድጓዱ ባለቤት ነው ወይስ ለሚያዞረው ሰው? የመጨረሻው ጠጠር ከባዶ ሲገባ የፊት ለፊቱ ይበላል ወይስ አይበላም? አንዱ ባባቴ አገር እንዲህ ነው ይላል፤ ሁለተኛውም የእናቱን አገር ይጠራል። በመጨረሻ ለዛሬ በዚህ ሕግ እንጫወት፥ ለነገ ደግሞ ባንተ ይሁን ተባብለው ይስማማሉ።

ይህ ስምምነት ብዙ ሰው ከጨዋታው በፊት የሚገኝ ጣጣ አድርጎ ያየዋል። በእውነቱ ግን ከጨዋታው ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው። በመጽሐፍ ታትሞ የመጣ ሕግ ቢኖር ኖሮ ጎረቤታሞቹ ስለ አገራቸው አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ተጫውተው በተለያዩ ነበር። ስለ ሌላ ነገር ቢሆን አንዱ ልማድ ከሌላው ሲገናኝ ጠብ ይነሣል፤ እዚህ ግን ሁለቱም ልማድ በየተራው ይፈተናል፥ ማንም አይጐዳም። ባለሕጉም ለመሸነፍ ይችላል፤ ሕጉ የርሱ ነው እንጂ ጠጠሩ የርሱ አይደለምና።

ተመልካቹም በከንቱ አይቆምም። ሶልት በአንጣሎ ያየው ጫጫታ በገበጣ ዙሪያ ዛሬም ያለ ነው። በዱሮ ዘመን በላ ልበልሃ ሲባል መንገደኛው ሁሉ ዳኛ ሆኖ በመንገድ ዳር ይፈርድ እንደ ነበረ፥ እንዲሁ በገበጣ ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ ቈጣሪም ምስክርም ነው። አንዱ ጠጠር ደብቆ ቢይዝ ሦስት ሰው ያየዋል። አላስፈላጊ ምክር የሚያበዛ ተመልካች እንደሚያስቸግር እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በየመንደሩ አይጠፋም፥ አንዳንድ ጊዜም ከሁለቱ ተጫዋቾች ይበልጥ የሚቈጣው እርሱ ነው። ቢሆንም ዝም ብለው የሚጫወቱት ገበጣ ግማሽ ገበጣ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ተራው እስኪደርሰው እንዲጠብቅ የሚያደርገው ይኸው የመናገር መብቱ ነው።

አሁን ልጆች በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ በዝቷል፤ ገበጣም ራሱ በስልክ መስተዋት ላይ ተሠርቶ ይገኛል። ስልኩ ጠጠሩን ራሱ ይቈጥራል፥ ራሱም ያዞራል፤ ሕጉንም ራሱ ያውቃል። ከላይ እንደ ተነገረው መቍጠሩ፥ መስማማቱና መመስከሩ የሰው ሥራ ካልሆነ፥ የቀረው ነገር ማሸነፍና መሸነፍ ብቻ ነው፤ ይህም ከጨዋታው ትንሹ ክፍል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በኮንክሪት በተሞላ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍር ተብሎ ልጅ አይታዘዝም። ከእንጨት የተጠረበው ገበጣ ለቱሪስት በሚሸጥባቸው ሱቆች ይገኛል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤት የሚመች አይደለም።

ዋጋ የማያስወጣ ገበታ የፈለገ ቤተ ሰብ ባለ ሱቁን ዕንቁላል የሚደረደርበትን የወረቀት መያዣ ይለምነው። ያ መያዣ ሠላሳ ጉድጓድ አለው፤ አምስት ረድፍ፥ በያንዳንዱም ረድፍ ስድስት። ከሦስተኛው ረድፍ በታች በመቀስ የተቈረጠ እንደ ሆነ፥ ትልቁ ክፍል ቤንት ያየው ባለ ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ ገበጣ፥ ትንሹም የእረኞቹ ባለ ዐሥራ ሁለት ይሆናል። ለትልቁ 54፥ ለትንሹ 48 የባቄላ ፍሬ ይበቃዋል።